የተተከለውና የጸደቀው

በደብረ ታቦር ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዓለ ደብረ ታቦርን ትናንት አክብረን፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ዛሬ በአንድነት ለመሰብሰብ ያበቃን የአባቶቻችን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ከጋይንትና ከስማዳ፣ ከእስቴና ከፋርጣ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከፎገራና ከደራ የመጣችሁ ወገኖቻችን በዚህ የነሐሴ ጭቃ ስንት ወንዝ እንደ ተሻገራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም መንገዱ ሰላም መሆኑን እየጠየቃችሁ ከመንደር መንደር እያደራችሁ እንደ ደረሳችሁ ሰምተናል። የድካማችሁን ዋጋ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

የተሰጠን ርእስ ጠላትነት በበዛበት ዓለም ስለ ክርስቲያናዊ ቅድስናና ስለ መንፈሳዊ ዝግጅት እንድንናገር የሚያዝዝ ነው። ሊቃውንቱ በተቀመጡበት ጉባኤ ይህን ማንሣት ለእኛ ለልማት ሠራተኞች ድፍረት ነው። ስለዚህ ትርጓሜውን ለባለቤቶቹ ትተን፣ እኛ ከምናውቀው ከችግኙ እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ፣ በሐምሌ ወር፣ ከምእመናኑና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋር ሆነን በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ችግኝ ተክለን ነበር። ጥድም፣ ወይራም፣ ጥቁር እንጨትም ነበረበት። ካህናቱ ባረኩ፣ ወጣቶቹ ዘመሩ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። የተተከለውን አንድ በአንድ ቆጥረን በሪፖርታችን አሰፈርን፤ ቁጥሩም ያማረ ነበርና ደስ አለን። በዓመቱ ከመስቀል በኋላ ተመልሰን ብንሄድ ግን ከዚያ ሁሉ የቀረው እሾህ በከበባቸው መቃብሮች ዳር የተጠጋው ጥቂቱ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ቄሰ ገበዙ አልተቆጡንም። ነገሩን እንደ ዋዛ አድርገው፣ እናንተ የተተከለውን ቆጥራችሁ ሄዳችሁ፣ የቀረውን የቆጠሩት ላሞቹ ናቸው አሉን።

በቋንቋችን ችግኝ ሥር ሰድዶ አፈሩን ሲይዝ «ጸደቀ» ይባላል። ሰውም በእግዚአብሔር ፊት እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ «ጸደቀ» ይባላል። ገበሬውና መምህሩ ይህን አንድ ቃል ስለሚካፈሉት ዛሬ የምንናገረውን ሁሉ በእርሱ ላይ ልናንጠለጥል ወደድን። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሰውም ይሰበሰብበታል፣ ይዘመርበታልም። መጽደቅ ግን በጋውን መቻልን ይጠይቃል፤ በዚያም ጊዜ ማንም ፎቶግራፍ አያነሣም። የተጠመቁትን በመዝገብ ጽፈናል፤ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ክፍያ የከፈሉትንም እንዲሁ። ከእነዚህ መካከል ስንቱ በመከራ በጋ ሥሩን ይዞ እንደሚገኝ ግን የትኛው መዝገባችን ይነግረናል?

ይህን የዐፀዳችንን ነገር ከእኛ በፊት በጥልቀት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ብዙዎቻችሁ «እመጓ»ን በመሰሉ መጻሕፍታቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ ሙያቸው ግን የደን ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር ካሉት እጅግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መካከል በ28ቱ ዐፀድ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል፤ ከዚህም ውስጥ 160ው አገር በቀል ነው። ዙሪያው ታርሶና ተራቁቶ ባለበት አገር የቀደመው ደን የተረፈው በታቦቱ ዙሪያ ነው። አባቶቻችን ዛፍ እንዳይቆረጥ ያቆሙት በወታደር ሳይሆን በግዝት ነበር፤ ሰውም ፈርቶ ብቻ ሳይሆን አፍሮ ታዘዘ። ይህ የምንኮራበት ነው።

ጥናቱ ያሳየን ሌላ ነገር ግን አንገት ያስደፋል። ከሩቅ ሲታዩ እንደ ዘውድ የሚያምሩት እነዚያ ዐፀዶች ወደ ውስጥ ሲገቡባቸው ብዙዎቹ ሽማግሌ ብቻ የቀረባቸው ቤት ይመስላሉ። ታላላቆቹ ጥዶች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም። ዘሩ ይወድቃል፣ አንዳንዱም ይበቅላል፣ ነገር ግን ከጉልበት ሳያልፍ ይረገጣል ወይም ይበላል። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ከብት እንዳይገባበት የታጠረውን ቦታ ካልታጠረው ጋር ሲያነጻጽሩት፣ በታጠረው ችግኙ ሲያድግ ባልታጠረው አብዛኛው ጠፋ። ከዚያም ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አወያዩ፤ ሕዝቡም ከየእርሻው የለቀመውን ድንጋይ እየተሸከመ በዐፀዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካበ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ዐፀዱም አጥር አገኘ። ካቡ በተሠራባቸው ቦታዎች ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አዲስ ነገር መታየት ጀመረ። (ቶሎ ይደርሳል ብሎ በዐፀዱ ባሕር ዛፍ መትከል ደግሞ ሌላ ርእስ ነው፤ ዛሬ ብንጀምረው ከዚህ ጉባኤ በሰላም አንወጣም።)

አሁን ወደ ርእሳችን እንግባ። እነዚያ ችግኙን የበሉት ከብቶች የማን ነበሩ? ከበረሃ የመጡ አውሬዎች አልነበሩም። የእኛው የምእመናኑ፣ አንዳንዶቹም የካህናቱና የሰበካ ጉባኤ አባላቱ ላሞች ነበሩ። በሩን የከፈተላቸውም ጠላት አልነበረም። በሩ ቀድሞም አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ኃላፊ ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ማለታችን በውጭ ያለውን መከራ ለማቅለል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ጉና ሲጠጋ፣ ይህችም ከተማ በከባድ መሣሪያ ስትመታና የንጹሓን ሕይወት ሲጠፋ ብዙዎቻችሁ እዚሁ ነበራችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን የቀጠለው ግጭት የተኩስ ድምፅ ያልሰማ አጥቢያ አላስቀረም ማለት ይቻላል። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የሞተ ሰው ተቀብሮ ሳይለቀስለት ሌላ ይሞታል። እንዲህ ባለ ዘመን ዓለሙ ጠላት ሆነብን ብንል ማንም አይፈርድብንም። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው መከራ ያረጀውን ዛፍ ቢጥል እንኳ አንድ ሁለቱን ነው፤ ዐፀዱን ያለ ልጅ የሚያስቀረው በየቀኑ በበሩ የሚገባው ነው። ጥላቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጠመንጃ ይዞ አይደለም። በለቅሶ ቤት በሚነገር አንድ ቃል፣ በስልክ ተልኮ በሰንበቴው ጠበል ጸዲቅ ላይ በሚደመጥ አንድ ድምፅ፣ አንዳንድ ጊዜም፣ አባቶች ይቅር ይበሉንና፣ በዐውደ ምሕረት ከተነገረ ስብከት ጋር ይገባል። የእኛው ላም ስለሆነች ማንም አይመልሳትም።

ሊቃውንቶቻችን «ቀደሰ» የሚለው የግእዝ ግስ ለየ፣ አከበረ፣ አመሰገነ ተብሎ እንደሚፈታ አስተምረውናል። ቅዱስ የተለየ ነው። እኛ ግን መለየትን ብዙ ጊዜ ከሰው መለየት አድርገን ወስደነዋል፤ ካቡ ግን የተሠራው ለሰው አልነበረም። ከብት ይከለክላል፣ ሰው ግን በበሩ ይገባል። በቀደመው ዘመን ደመኛ የሚያሳድደው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደርሶ ደወሉን ከደወለ የሚነካው አልነበረም። የገባው ወንድም ነው ወይስ ባዕድ፣ በዳይ ነው ወይስ ተበዳይ ተብሎ በበሩ አይመረመርም ነበር፤ ምርመራው በሽማግሌና በካህን ፊት ኋላ ይመጣል። ቅጽሩ የተለየ ስለሆነ ሁሉን የሚያስጠጋ ሆነ። ዛሬ በሌሊት በራችንን የሚያንኳኳው ተፈናቃይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቀን የምንከፍት ከሆነ ያ ቅጽር ተራ ግቢ ሆኗል ማለት ነው፤ ታቦቱ ቢኖርበትም።

በዚሁ በአገራችን፣ በጣና ዳር፣ ይህን ሁሉ በሕይወቷ ያሳየች እናት አለችን፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ። በደራ ያለችው ቆራጣ እስከ ዛሬ በስሟ ትጠራለች፤ በዓሏንም ኅዳር 17 ቀን እናከብራለን። ታሪኳን ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን አንድ ክፍሉን ከዝግጅት አንጻር እንድናየው እንለምናችኋለን።

ወለተ ጴጥሮስ የባላባት ልጅ፣ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ዘንብሎ ነበር፤ በተነሣውም ጦርነት አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ በዚያ ዘመቻ እንደ ነበረ ባወቀች ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ያን ቤት ለመተው ቆረጠች። ጌጧን ጣለች፣ ጠጕሯን ተላጨች፣ መነኰሰች። ከእኅተ ክርስቶስ ጋርም ተጣምራ ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ መንገድ ሄዱ። በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ የኢየሱሳውያኑ መሪ አልፎንሱ ሜንዴዝም ሊያሳምናት ሞከረ፣ አልተቻለውም። በመጨረሻም ወደ ዠበይ በረሃ ለ3 ዓመት ተጋዘች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ግዞቱ የታሰበው ከሰው እንድትለይ፣ ድምፅዋም እንዲጠፋ ነበር። ሰዎች ግን እዚያው ድረስ ተከተሏት፤ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተተከለው በዚያ በግዞት ምድር ነው። ለቅጣት የተመረጠው ቦታ ለመትከያ ሆነ ማለት ነው። እንዴት ተቻለ? ገድሏን ስናነብ ተአምራቱን እናደንቃለን፤ መደነቅም ይገባል። የእኛ የልማት ሠራተኞች ዓይን ግን ወደ ሌላ ነገር ይሳባል። ያ ማኅበር ሥርዓት ነበረው። ጸሎቱ ሰዓት፣ ማዕዱም ልክ ነበረው፤ ሥራውም ለእያንዳንዱ የተከፈለ ነበር፤ እናታችንም የባላባት ልጅ ሆና ሳለች ከሁሉ በታች ሆና ትሠራ ነበር። ስለዚህ ጭፍራ ቢመጣ፣ በሌሊት ተነሥቶ መሄድ ቢያስፈልግ፣ ማኅበሩ የሚሸከመው ዕቃ ጥቂት፣ በልቡ የያዘው ግን ብዙ ነበር።

በዚያ ዘመን ለሃይማኖቱ ጦር ያነሣም ነበረ፤ በወይና ደጋም ብዙ ደም ፈሷል። እነዚያን ለመዳኘት እኛ ማን ነን? ነገር ግን በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ባወጀ ጊዜ፣ የሚመለስበት ነገር ሕያው ሆኖ የተገኘው በእነዚህ ባልታወቁ ማኅበራት፣ በየደሴቱና በየዋሻው ባልተቋረጠው ቅዳሴና ትምህርት ይመስለናል። አዋጅ ሃይማኖትን ይፈቅዳል እንጂ አይተክልም። ጸድቆ የቆየ ነገር ባይኖር ኖሮ አዋጁ ባዶ መሬት ላይ በወደቀ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ የዐፀዳችን ችግኞች እነማን ናቸው ብሎ ለሚጠይቅ መልሳችን አንድ ነው፤ የአብነት ተማሪዎቻችን ናቸው። ይህ አገር እኮ ተራ አገር አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ከመላው ኢትዮጵያ የሚመጣው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚለው ስም ሲነሣም ዙር አምባ አብራ ትነሣለች። እነዚህ ጉባኤያት የቆሙት በበጀት አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ ቁራሽ በሚለምን ልጅና ያንን ቁራሽ በምትሰጥ እናት ነው።

አሁን ያ ሰንሰለት የት ላይ እንደሚበጠስ እንመልከት። መንገድ ሲዘጋና ገበያ ሲቋረጥ እናቲቱ ለራሷ ልጅ የምታበላው ታጣለች። ይህ አንድ ነገር ነው። ከዚህ የከፋው ግን ማንነቱ የማይታወቅ ወጣት በመንደር ሲዞር በጥርጣሬ መታየቱ ነው። አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ነው ይለዋል፣ ሌላውም እንዲሁ። ውሻ ብቻ ይፈራ የነበረው ተማሪ ዛሬ ሰው ይፈራል። ስለዚህ ጉባኤውን ትቶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወይም ወደ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ይይዛል። አንድ ተማሪ ቅኔውን ሳይጨርስ ሲሄድ ማንም አይሰማም፣ ደወልም አይደወልለትም። ከ20 ዓመት በኋላ ግን መሪጌታ የሌለበት ደብር ይኖራል፤ ያን ጊዜ ምን ነካን ብለን እንጠያየቃለን።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ ሀብት አያስፈልግም፣ ወይም ጥቂት ይበቃል። የሰበካ ጉባኤው በማኅተሙ የተደገፈ የማንነት ወረቀት ለእያንዳንዱ ተማሪ መስጠት ይችላል፤ ይህን ያደረጉ አጥቢያዎች እንዳሉ እናውቃለን፣ የቀሩትም ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። በመኸር ጊዜ ከየቤቱ አንድ ቁና እህል ተሰብስቦ በሰንበቴው ቤት ቢቀመጥ፣ ተማሪው በክፉ ቀን በየደጁ እንዳይዞር ያደርገዋል። ቁልፉ ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ይህን የምንለው ማንንም ጠርጥረን አይደለም፤ ብቻውን ቁልፍ የያዘ ሰው በክፉ ቀን ብቻውን ይፈተናልና ነው። ስለ ሙዳየ ምጽዋቱም የምንለው ይኸው ነው፤ ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ ለምእመናን ሲነበብ ሐሜት የሚገባበት በር አንዱ ተዘጋ ማለት ነው።

ለአባቶቻችን ለካህናት ደግሞ በትሕትና አንድ ነገር እናቅርብ። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል የሚያዝዝበት ሰዓት አለ። ከዚያ በፊት የተጣላ እንዲታረቅ ሥርዓቱ ያስገድዳል። የንስሐ ልጆቻችን በዚህ ሁለት ዓመት ከማን ጋር እንደ ተቀያየሙ፣ የማን ወንድም በማን ልጅ እጅ እንደ ሞተ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ደም ለማድረቅ፣ ሽማግሌ ለመላክ፣ ጉማ ለማስከፈል ግጭቱ እስኪያበቃ መጠበቅ ያለብን ይመስለን ይሆናል። ሲያበቃ ግን በቀሉ አድጎ ይጠብቀናል። ዘይቱን በመንፈቀ ሌሊት ለመግዛት እንደ ሮጡት ደናግል እንዳንሆን ያሰጋናል። አንድ መነኩሴ አባት ይህን ስንነጋገር፣ የቂም ችግኝ አጥር አይፈልግም፣ ማንም ሳያጠጣው ይጸድቃል ብለውናል።

ትናንት በዓሉን ስናከብር ስለ ሦስቱ ሐዋርያት ብዙ ተሰበከ፤ ብርሃኑን ስላዩት፣ ዳስ እንሥራ ስላሉት። ከተራራው ሥር ስለ ቀሩት ስለ ዘጠኙ ግን ብዙ አይነገርም። ወንጌሉ እንደሚነግረን ጌታ ከተራራው ሲወርድ አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ቆሞ አገኘው። ያ አባት አስቀድሞ ወደ ዘጠኙ ቀርቦ ነበር፤ አልተቻላቸውም። እነርሱም ለብቻቸው ቀርበው ስለ ምን አልቻልንም ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ እምነታቸው ማነሱን የሚገልጥ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ያለ ጸሎትና ያለ ጾም እንደማይወጣም ነገራቸው። እኛም የምንኖረው ከተራራው ሥር ነው። ይህች ከተማ በዚያ ተራራ ስም ብትጠራም፣ ልጁን ይዞ የሚመጣው አባት የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ደግሞም በጾም ወራት ላይ ነን።

ንግግራችንን እዚህ ላይ ብንገታ ይሻላል፤ የምሳ ሰዓት ባይሆንም ቅዳሴው ደርሷል። ከመስቀል በኋላ፣ ወንዞቹ ሲጎድሉና መንገዱ ሲፈቅድ፣ ወደየአጥቢያችሁ እንመጣለን። በዚያ ጊዜ የዘንድሮው የተከላ ቁጥር አያስፈልገንም፤ እርሱ በቢሮአችን አለ። እባካችሁ ሦስት ነገር አዘጋጅታችሁ ጠብቁን፤ አምና ከተተከለው የጸደቀውን ቆጥራችሁ፣ በጉባኤ ቤታችሁ ያሉትን ተማሪዎች ስምና አገር ጽፋችሁ፣ የዐፀዱን በር ሠርታችሁ። ለበሩ ማጠፊያና መቀርቀሪያ የሌላችሁ አጥቢያዎች ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊው ስማችሁን አስመዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።